የራጅ ቤቷ ዘመናይ

ዘመናይ ወርቁ ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው በሁለት ነጥብ ሦስት ነው። ማለፉን አልፋለች። ጥቁር ካባ ለብሳ፣ ባርኔጣዋ ወደ ጆሮዋ ዘመም ብሎ፣ በእናቷና በአባቷ መካከል ቆማ የተነሣችው ፎቶ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ ፎቶውን ካደነቀ በኋላ «በስንት ወጣሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን፣ ወይ እሷ ሻይ ላምጣ ብላ ትነሣለች፣ ወይ እናቷ ወይዘሮ ታየች ወሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን ይመልሱታል።

ለእንዲህ ዓይነት ውጤት የሚያበቃ ችግር አልነበረባትም። አባቷ አቶ ወርቁ ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአንዱ የሒሳብ ሹም ናቸው፤ ቤተሰቡም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የመጣው እሷ ገና ልጅ ሳለች በእሳቸው ሥራ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ዘግይቶባት አያውቅም፤ ታማም አልጋ ይዛ አታውቅም። የእሷ ጣጣ መስኮት ነበር። ክፍል ስትገባ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። ውጭ ጃካራንዳው አብቦ መሬቱን ወይን ጠጅ ካለበሰው፣ መምህሩ የሚያወራው ከሩቅ እንደሚሰማ ራዲዮ ይሆንባታል። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ የኩላሊትን አሠራር እንድታብራራ ተጠየቀች። ኩላሊቱን ጥላና ብርሃኑ ሳይቀር አሳምራ ሥላ ቀና ስትል ሰዓቱ አልቋል። መምህሩ ከሥዕሉ ሥር «በጣም ያምራል፤ መልሱስ?» ብሎ ጻፈባት።

ባዮሎጂ የመረጠችውም መጽሐፎቹ ሥዕል ስላላቸው ነው። ሐኪም መሆን በዚያን ጊዜ ሐሳቧ ውስጥ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ናትናኤል «ፈዛዛ» ይላታል። «ዘሚ፣ ፕሊዝ፣ ሰው እያዋራሽ ነው» እያለ ዓይኗ ፊት ጣቱን ያጮኻል። ትሥቃለች፤ ትንሽ ቆይታም ወደነበረችበት ትመለሳለች።

ትምህርቱን በጨረሰች በዓመቱ፣ ሁለት ሺህ በፈረንጆች ማለት ነው፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ራጅ ክፍል ሠራተኛ እንደሚፈልግ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰማች። አቶ ወርቁ ደስ አላላቸውም። ልጃቸው ባንክ ወይም ድርጅት ውስጥ በጥሩ ጫማ ስትሠራ ነበር የሚታያቸው። «ዲግሪ ይዘሽ ፊልም ልታጥቢ?» አሏት። እሷ ግን ሌላ የሚጠራት ቦታ አልነበራትምና ሄደች።

ጠዋት ጠዋት በአርባ ስድስት ቁጥር ማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ መሃል ከተማ ትወርዳለች፤ ከዚያ በእግሯ አቋርጣ ወደ ኢስትሊ የሚሄደውን ዘጠኝ ቁጥር ትይዛለች። ዝናብ ከጣለ ኢስትሊ ጭቃ ነው፤ ሰዉ የሱሪውን ጫፍ ሰብስቦ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። ክሊኒኩ ጨርቃ ጨርቅና ፔርሙስ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ነበር። ባለቤቱ ዶክተር ሙቱኩ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ የካምባ ብሔር ሰው ናቸው።

የዘመናይ ሥራ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር። የራጅ ባለሙያው ሚስተር ኦዴሮ ሕመምተኛውን ካነሣ በኋላ፣ ፊልሙን እንደታሸገ ግድግዳው ውስጥ በተሠራች ሁለት በር ባላት ሣጥን በኩል ያቀብላታል። እሷ በሯን ቀርቅራ፣ በአንዲት ቀይ መብራት ብቻ፣ ፊልሙን አውጥታ በብረት ማንጠልጠያ ትሰቅለውና ምስል የሚያወጣው ፈሳሽ ውስጥ ትነክረዋለች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ ጎድን አጥንቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ቀጥሎ የትከሻ አጥንት እንደ ክንፍ ይዘረጋል፤ በመካከላቸው ልብ በጎኑ ጋደም ብሎ እንደተኛ ሰው ይታያል። ከውጭ የማታቱው ጥሩንባ፣ የሻጩ ጩኸትና የመስጊዱ ጥሪ በወፍራሙ በር ተጣርተው ሲገቡ ሩቅ እንዳለ ወንዝ ይሆናሉ። ዘመናይ ዕድሜዋን ሙሉ «ንቂ» ስትባል ኖራ፣ መፍዘዝ ሥራ የሆነበት ቦታ አገኘች።

ቤት ስትመለስ እራት ላይ ስላየችው ታወራለች። ቁልፍ ስለዋጠው ሕፃን፤ ቁልፉ በሆዱ ውስጥ እንደ ጨረቃ ክብ ብሎ ስለ መታየቱ። ተረከዟ ውስጥ መርፌ ተሰብሮ ስለቀረባት ልብስ ሰፊ። ወይዘሮ ታየች «በምግብ ላይ?» ይላሉ፤ ግን እሳቸውም ሹካቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን ጋሽ አገኘሁ የሚባሉ ሰው መጡ። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ አሁን ኢስትሊ ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ናቸው። ኮቱ ትከሻቸው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ያስላሉ። ዘመናይ የደረቀውን ፊልም ይዛ ስትወጣ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከአንዲት ሕመምተኛ ጋር በአማርኛ ስታወራ ሰምተዋት ኖሮ ጠሯት።

«ልጄ፣ ምን ይላል?»

«አላውቅም ጋሼ። ዶክተሩ ናቸው የሚያነቡት።»

«ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ማጠብ ብቻ ነው።»

አልተቆጡም። ፊልሙን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡትና ረጅም ጊዜ አዩት።

«ውስጤ እንዲህ ያምር ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

ሕመማቸው ሳንባ ነቀርሳ ነበር። መንግሥት በነፃ የሚሰጠውን መድኃኒት ለወራት ወስደው ዳኑ፤ ኋላ ጉንጫቸው ሞልቶ መጥተው ሰላም ብለዋታል። የዚያን ቀን ግን ዘመናይ ማታቱ ውስጥ ተቀምጣ የመውረጃዋ ፌርማታ አልፏት ሄደ። «እኔ ማጠብ ብቻ ነው» ያለችው ቃል ከራሷ ጋር አላስማማትም። የሚያምረውንማ አይታለች። ፊልሙ የሚለውን ግን አታውቅም።

በማግሥቱ ዶክተር ሙቱኩ ከሰዓት በኋላ ፊልሞቹን መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቅለው ሲያነቡ በሩ ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ ከኋላዎ ቆሜ ላይ?»

«ብርሃኑን እስካልከለልሽኝ ድረስ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ቆመች። ሳንባ ሲጠቁር ጤና እንደሆነ፣ ሲነጣ ደግሞ ነገር እንዳለ ተማረች። ትንሽ ከተማረች በኋላም ደፈረች። አንዲት ወጣት ሶማሊት ለቪዛ ምርመራ መጥታ ደረቷን ተነሣች። ፊልሙ ፈሳሹ ውስጥ ሲወጣ ዘመናይ ከሳንባዋ ጫፍ ላይ ነጭ ጥላ አየች። ዶክተሩ በዚያን ቀን አልነበሩም። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ከእህቷ ጋር ትሥቅ ነበር። ዘመናይ ቅዳሜንና እሑድን በሙሉ ለማታውቃት ልጅ ስትጸልይ ዋለች፤ እናቷን ሳይቀር አብረሽኝ ጸልዪ አለቻቸው።

ሰኞ ዶክተር ሙቱኩ ፊልሙን ሰቅለው ማየት ጀመሩ።

«ከላይ በግራ በኩል» አለች ዘመናይ።

«አየሁት» አሉ። «ይህ ሹሩባ ነው።»

«ምን?»

«የተጎነጎነ ፀጉር። ፊልም ስትነሣ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ነበር። ጥላውን ተከተይው፤ ከሳንባው ወጥቶ አንገቷ ድረስ ይሄዳል። ሳንባ አንገት ላይ የለም።»

ዘመናይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዶክተሩ ግን አልሣቁባትም። እሳቸውም ተማሪ ሳሉ የሸሚዝ ቁልፍን ጥይት ነው ብለው ፕሮፌሰራቸው ፊት እንደማሉ ነገሯት። በዚያን ዕለት ከሰዓት፣ ሚስተር ኦዴሮ ማሽኑን ሲሸፍን፣ ያላሰበችው ቃል ከአፏ ወጣ።

«ሕክምና መማር እፈልጋለሁ።»

ዶክተር ሙቱኩ ዞር ብለው አዩዋት። «ዲግሪሽን በስንት ጨረስሽ?»

ነገረቻቸው። ሰውዬው የሰሌዳውን መብራት አጠፉና ወንበር ሳቡ።

«አልዋሽሽም» አሉ። «ያንን ቁጥር አይተው ሌላውን ገጽ ሳይገልጡ የሚያስቀምጡት ብዙ ናቸው። አንዱ እስኪገልጠው ድረስ ማመልከት ትችያለሽ? ያ ነው ጥያቄው።»

እንግዲህ ምኞቷ የመጣው ውጤቷ ካለቀ በኋላ ነው። ሌላ ሰው በትምህርት ቤት ዘመኑ የሚመኘውን እሷ በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ያውም በሩ ሊዘጋ ሲል ተመኘችው።

ቤት ስትናገር ናትናኤል «ዊዝ ቱ ፖይንት ስሪ? ቢ ሲሪየስ» አለ፤ እናቱ በዓይናቸው ሲያዩት አንገቱን ደፋ። አቶ ወርቁ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸውና ይህም ነገር የጎደለ ሒሳብ ሆኖ ታያቸው።

«ማመልከቻው ላይ ምክንያት ይጠይቃል?» አሉ።

«ውጤትሽ ዝቅ ያለበት ምክንያት ካለ አብራሪ ይላል።»

«እንግዲያው እኔ ታምሜ ነበር በይ።»

«መቼ ታመምክ፣ አባዬ?»

«ጨጓራዬ ያስቸግረኝ አልነበረም? አንድ ሰሞን ወተት ብቻ ነበር የምጠጣው።»

«ሁለት ሳምንት ነው ወርቁ» አሉ ወይዘሮ ታየች።

«ሁለት ሳምንትም ሕመም ነው። ልጅ አባቷ ሲታመም ማጥናት አትችልም። ጻፊው።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ዘመናይ አልረሳችውም። በሕይወታቸው አንዲት የሐሰት ደረሰኝ ፈርመው የማያውቁ ሰው ለእሷ ሲሉ ሊታመሙ ተነሥተዋል። እምቢ ማለት አልሆነላትም። ጻፈችው።

ያመለከተችበት የሕክምና ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። አቶ ወርቁ ራሳቸው በመኪና አደረሷት፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ዘርግተው ከሻይ ቤቱ ያመጡትን ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ ይበላሉ። ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ መልካም ፊት ያላቸው ሽማግሌ፣ ማመልከቻዋን ገለጥ አድርገው «አባትሽ አሁን እንዴት ናቸው?» ብለው ጠየቋት።

«ደህና ናቸው» አለች ዘመናይ፣ ጠረጴዛውን እያየች።

ሽማግሌው ሲጨርሱ እስከ በሩ ሸኟት። አቶ ወርቁ ብድግ አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ጨበጡና «ድነው በማየቴ ደስ ብሎኛል» አሉ።

«ከምን?» አሉ አቶ ወርቁ።

ከዚያ አስታወሱ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ለማየት ዘመናይ አልቻለችም። ሽማግሌው የጨበጡትን እጅ ትንሽ አቆይተው ለቀቁና ተመልሰው ገቡ። በመኪናቸው ወደ ቤት ተነሡ። ንጎንግ መንገድ ላይ መብራት ሲያቆማቸው አቶ ወርቁ «ማንዳዚው ነው ያዘናጋኝ» አሉ። አባትና ልጅ እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ፤ ከኋላ ያለው ማታቱ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል ብሎ ጥሩንባውን እስኪነፋባቸው ድረስ። አልተቀበሏትም።

በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ትምህርት ቤት አመለከተች። በዚህ ጊዜ እውነቱን ልትናገር ቆርጣ ሄደች። «ውጤትሽ ለምን ዝቅ አለ?» ሲሏት «በመስኮት እያየሁ ነበር» አለች። «የታመመ ሰው አልነበረም፤ የጎደለብኝም ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር።» ከጠያቂዎቹ አንዷ ፈገግ አለች፤ አንዱ «እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም» አለ። ዘመናይ ከዚያ የወጣችው በአየር ላይ እየሄደች ነው። የኦክቶበር ጠዋት ነበር፤ ጃካራንዳው አብቧል፤ አንድ ፌርማታ ሙሉ በእግሯ ሄዳ አልታወቃትም። እነሱም አልተቀበሏትም። እውነቱ ደስ አሰኛቸው እንጂ ቁጥሩን አልቀየረላትም።

ያን ሰሞን ቅስሟ ተሰበረ። ፊልም ስታጥብ ሁለቱን አበላሸች፤ ሚስተር ኦዴሮ ሕመምተኞቹን ይቅርታ ጠይቆ እንደገና አነሣ። ለእሷ ማስቲካ ብቻ አቀበላት። ዶክተር ሙቱኩ ግን ክፍላቸው ጠሯት።

«አንዴ በአባትሽ አስረዳሽ፤ አንዴ በመስኮቱ አስረዳሽ» አሉ። «አሁን ማስረዳቱን ተይና ሌላ ቁጥር አምጪ። ከአሮጌው አጠገብ አዲስ ሲያዩ ያኔ ሁለቱን ያስተያያሉ።»

መሃል ከተማ፣ ሞይ ጎዳና አካባቢ፣ ማታ ማታ የሚያስተምር ኮሌጅ ነበር። ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና የሰውነት አሠራር ትምህርት ተመዘገበች። ከሥራ ወጥታ እዚያ ስትደርስ ዓይኖቿ ከጨለማ ክፍሉ ወጥተው ገና ብርሃን አልለመዱም። ክፍሉ መስኮት ነበረው። ሆን ብላ ከመስኮቱ ርቃ ተቀመጠች፤ ግድግዳውን እያየች ፈዘዘች። መስኮቱን ለብዙ ዓመት በከንቱ እንደወቀሰችው ያኔ ገባት።

መፍትሔ ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። ስለ ደም ዝውውር ፈተና ነበራት፤ ደጋግማ ብታነብም አንድም አልገባት አለ። ጠዋት በአርባ ስድስት ቁጥር ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ሐሳቧ ነጎደ፤ ግን በዚያን ቀን የነጎደው ወደ ውስጥ ነበር። ማታቱው ደም ሆነ። ከኪሊማኒ ጭኖ ሰማያዊ፣ ደካማ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ሆኖ ይወርዳል። የልብ ቀኝ ክፍል የመሃል ከተማው መናኸሪያ ነው፤ ሰዉ ይጋፋል፣ ረዳቱ በሩን መታ ሲያደርግ አንዱ በር ይከፈታል፣ ተመልሶ ግን አይከፈትም። ከዚያ ወደ ሳንባ፣ ዛፍ ወዳለበት፣ አየሩ ወደሚጣፍጥበት። ደሙ እዚያ ጭነቱን አራግፎ ቀይ ልብስ ለብሶ ይመለሳል። ወደ ልብ ግራ ክፍል፣ ከዚያ በትልቁ ጎዳና ሽቅብ። ዘመናይ ወንበሯ ላይ ሆና አካሏን በሙሉ ዞረች፤ እስከ እግሯ ጣት ጠባብ ሰፈር ድረስ ወርዳ ተመለሰች። ስትነቃ የጠፋ መንገድ አልነበረም። ፈተናው ላይም አልጠፋባትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መፍዘዙን መታገል ተወች፤ የምትፈዝበትን ቦታ ብቻ መረጠች። ኩላሊትን የካሪዮኮር ገበያ አደረገችው፤ የሚፈለገው እየተለየ የሚቀርበት፣ የማይፈለገው በቱቦ የሚሄድበት። ኬሚስትሪው ውስጥ ንጥረ ነገሮቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሆኑ፤ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሚወድ ታውቃለች። ፊዚክስ ብቻ እምቢ አላት፤ እሱን በ«ሲ» አለፈችው። የቀሩት ግን «ኤ»ና «ቢ» ሆኑ። አቶ ወርቁ የውጤቱን ወረቀት ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና እንደገና አዩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ያመለከተችው ገና ብዙ ዓመት ላልሞላው ትምህርት ቤት ነበር። ቃለ መጠይቁን የመሩት አጭር፣ ሻል በትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ፕሮፌሰር ናቸው። ዘመናይ ስለ ሁለት ነጥብ ሦስቱ ሊጠይቋት ነው ብላ የአባቷንም የመስኮቱንም ነገር በልቧ ይዛ ገባች። ማንም አልጠየቃትም። ፕሮፌሰሯ ወረቀቶቹን ጎን አድርገው «ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ።

ዘመናይ ስለ ሹሩባው ነገረቻቸው። ስለ ጸሎቱም ነገረቻቸው፤ እናቷንም እንዳስጸለየቻቸው። ፕሮፌሰሯ ሣቁ፤ ከዚያ ሣቁን ተዉና «ልጅቷ አወቀች?» አሉ።

«አላወቀችም። ምንም አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«የማውቀው ነገር አልነበረም። የፈራሁት ነገር ብቻ ነበር።»

ሴትዮዋ ጥቂት አዩዋትና «ጥሩ፤ መሄድ ትችያለሽ» አሉ። ዘመናይ ደጅ ስትወጣ ተቀበሏት ወይስ አሰናበቷት መለየት አልቻለችም። በኋላ የተላከላት መልስም አልለየላትም፤ ተጠባባቂ ነሽ ይላል። ትምህርት ተጀመረ። ተጠባባቂ የነበረችው ዘመናይ ተስፋዋን ቆርጣ ወደ ፊልሞቿ ተመለሰች።

አንድ ከሰዓት፣ የአንድ ሕፃን ክርን ፊልም ፈሳሹ ውስጥ ሆኖ፣ አጥንቱ ገና ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ብታወጣው መብራቱ ፊልሙን ያቃጥላል። ስልኩ ዝም አለ፤ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ዘመናይ ልቧ ምን እንደሆነ ነገራት፤ ግን ክርኑ እየወጣ ነው፤ ሕፃኑም ውጭ ያለቅሳል። ጠበቀች። ፊልሙን አለቀለቀች፤ ምስሉን በሚያጸናው ፈሳሽ ውስጥ ነከረችው፤ ጊዜው እስኪሞላ ቀዩን መብራት እያየች ቆመች። ከዚያ ወጥታ ፊልሙን ለሚስተር ኦዴሮ ሰጠችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደወለች።

«አንድ ተማሪ ትቶ ሄዷል» አለች በስልኩ የምትናገረው ሴት። «ቦታውን ትፈልጊዋለሽ?»

ዘመናይ እሺ አለች፤ እንዳይሳሳቱም ደግማ እሺ አለች። ከታች ከሱቁ ደጃፍ ጨርቅ ሻጩ አንድ ጥቅል ቢጫ ጨርቅ በአየር ላይ ዘርግቶ ለገዢ ያሳያል፤ ነፋሱ ሞልቶት እንደ ጀልባ ሸራ ነፋው። ረጅም ጊዜ ያንን ስታይ ቆየች።

በሁለት ሺህ ሦስት ገባች። ቀሪው ቀላል ነበር ማለት አይቻልም። በሁለተኛው ዓመት ወድቃ ደገመችው፤ ከእሷ ጋር የገቡት ቀድመዋት ወጡ። ዶክተር ሙቱኩ እስከ መጨረሻው አልቆዩም፤ እሷ አራተኛ ዓመት ሳለች በሰላም ዐረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ከሚስተር ኦዴሮ ጎን ቆማ አለቀሰች። ናትናኤል አግብቶ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። አቶ ወርቁ ጡረታ ወጡ። የምርቃቷ ዕለት፣ በሁለት ሺህ ዘጠኝ መገባደጃ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው «በስንት ወጣች?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ዶክተር ሆና ወጣች» አሉ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

የመጀመሪያ ዓመቷን በከተማዋ ምሥራቅ ዳርቻ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል ሠራች። ሰልፉ ከግቢው በር ይጀምራል። ጓደኞቿ በየደቂቃው አንድ ሰው ሲያስተናግዱ የእሷ ወረፋ አይነቃነቅም፤ ነርሶቹ «ዳክታሪ ፖሌፖሌ» ብለው ስም አወጡላት፤ ቀስ ባይዋ ሐኪም እንደማለት ነው። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ገሥጸዋታል። ለመፍጠን ትሞክራለች፤ አንዳንድ ቀን ይሳካላታል።

የረጅሙ ዝናብ ወር ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይዘፍናል፤ ክፍሉ ውስጥ የረጠበ ካፖርት ይሸታል። እግራቸው ያበጠ ሽማግሌ ገብተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ምዜ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች፣ በስዋሂሊ አባባ እንደማለት።

ሽማግሌው አልቸኮሉም። ድሮ የባቡር ነጂ እንደነበሩ ነገሯት። ከሞምባሳ በምሽት ተነሥተው ጻቮ ላይ ሲደርሱ እንዴት እንደሚነጋ፣ ዝሆኖቹ ከሐዲዱ ማዶ በቀይ አቧራ ውስጥ ቆመው ባቡሩ እስኪያልፍ እንዴት እንደሚጠብቁ። እግራቸው መጀመሪያ የከበዳቸው ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ነው። በሩ ላይ ነርሷ ብቅ አለች፤ የሰዓቷን መስተዋት በጣቷ መታ አደረገች፤ ተመልሳ ሄደች።

ዘመናይ ወንበሯን ወደ ሽማግሌው ትንሽ አቀረበች።

«ከዚያስ?» አለቻቸው።